ለንባብ ያሰብኩትን ክረምት ወፍጮ ቤት ወሰደው

የወፍጮው መምህር
ጳጉሜ 3 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2፡40

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ከብዷል፣ ግን አልዘነበም። የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ ለመጠመቅ ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ደጁን እያዩ ነው። መብራት ጠፍቷል። እስኪመጣ ድረስ ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

ደብረ ብርሃን የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስምንት መጻሕፍት ራስጌዬ ደርድሬ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌ እዚህ ማለት ጋቢ፣ ከሰልና ትኩስ ቆሎ ነው። ለማንበብ ከዚህ የተሻለ አየር ያለ አይመስለኝም።

ሐምሌ በገባ በአራተኛው ቀን አጎቴ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ እጠግናለሁ ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ወረደም። አወራረዱ ግን በመሰላሉ አልነበረም። መጀመሪያ ወጌሻ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት፣ በመጨረሻ እስከ ጉልበቱ ጀሶ። አጎቴ የሚተዳደረው በወፍጮ ቤት ነው። ሁለት ወፍጮ አለው፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የበርበሬና የሽሮ። ሠራተኛው ደግሞ ለእርሻ ወደ አገሩ ገብቷል። የቤተሰቡ ዓይን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ መቼም በክረምት ሥራ የለህም» አለችኝ አክስቴ። መምህር የሆነ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል።

ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ እህል ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የአንዲት እናት ጤፍ አቃጠልኩ። ድንጋዩ ሲዶለዱም መወቀር እንዳለበት፣ ካልተወቀረ እህሉን እያሸ እንደሚያግለው ማን ነግሮኝ። በሁለተኛው ሳምንት የአንዷን የበሶ ገብስ በርበሬ በፈጨሁበት ወፍጮ ፈጨሁት። ማታ ላይ ከነልጆቿ እያስነጠሰች መጣች። አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ በስልክ ይመራኛል። «ስልኩን ወደ ድንጋዩ አስጠጋው» ይላል፤ ጥቂት ያዳምጥና «ባዶውን እየዞረ ነው፣ እህል ጨምር» ወይም «ጠብቋል፣ አላላው» ይለኛል። አንድ ጊዜም ተሳስቶ አያውቅም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በነጎድጓድ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሦስት ቀን ጨለማ ሆነ። ዝናቡ አያስወጣም፤ ሰዉ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔም ጥግ ይዤ ፍቅር እስከ መቃብርን ገለጥኩ። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ብዬ እየዘለልኩ ያነበብኩት ስለነበር በዚህ ክረምት በቀስታ፣ ለራሴ ደስታ ብቻ ልደግመው ነበር ያሰብኩት። ጉዱ ካሳ ያለበት ቦታ ደርሼ ሳቄ አመለጠኝ። ገብስ ይዘው ከገጠር የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብቻህን ከምትስቅ ለእኛም ንገረን» አሉኝ።

ገጽ 140 አካባቢ ነበርኩ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ። ሰዎቹ አስፈጭተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ «እስቲ ሞተሩን ለአንድ አፍታ አጥፋውና ምዕራፉን ጨርስልን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ሞተሩ ይጠፋል። አጎቴ ይህን አያውቅም። ወይም ድምፁ ሲቋረጥ ሰምቶ ዝም ብሎኛል። በፍልሰታ ከቅዳሴ መልስ ባዶ እጃቸውን መጥተው በሰው ጆንያ ላይ የሚቀመጡ ነበሩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ፤ ነገሩ ሲያዩት የሚያምረውን ያህል ለእኔ አላማረኝም። የንባብ ደስታ ለእኔ ዝምታ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት መስኮት ማየት፣ ያልጣመኝን መዝለል፣ የጣመኝን ሦስት ጊዜ መመለስ። አሁን መዝለል አልችልም፤ ያነቁኛል። መመለስም አልችልም፤ «ይህን ሰምተነዋል» ይሉኛል። በመካከል ስለ በዛብህ ሁለት ሰዎች ይጣሉና እኔ ዳኛ እሆናለሁ። አንድ ማታ ታግሼ ታግሼ አቃተኝና ቤቴ ሠላሳ ገጽ ወደ ፊት ሰርቄ አነበብኩ። በማግስቱ እዚያው የምትመጣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ «መምህር፣ ዛሬ ድምፅዎ የሚሆነውን ያውቃል» አለችኝ። አፈርኩ። ሁለተኛ አልሰረቅሁም።

ሰባቱ መጻሕፍት ራስጌዬ እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱንም አልገለጥኩም። እንግዲህ በዚህ ክረምት ለደስታ አነበብኩ ልበል ወይስ ሁለት ሥራ ሠራሁ? የእናንተስ ክረምት እንዴት አለፈ?

---

ቡና ቁርስ
ጳጉሜ 3፣ ከጠዋቱ 3፡15

በሶው ላይ ከሳቅሁት ሳቅ ገና አልተመለስኩም። ሴትዮዋ ይቅር አሉህ? ደግሞስ በዚያ ሁሉ ቡናኝ መካከል መጽሐፉ እንዴት ተረፈ? እናቴ ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ነበር የምትገባው።

---

የእርማት ብዕር
ጳጉሜ 3፣ ከጠዋቱ 4፡05

መምህር፣ ታድለሃል። ማንበብ ሥራ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከፈለግህ እኔን ጠይቀኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በእርማት ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ክረምቱን በእረፍት ላሳልፍ ነበር። ሰኔ ላይ ግን ጡረታ የወጡ አንድ አባት የሕይወት ታሪካቸውን ይዘው መጡ፤ በእጅ የተጻፈ፣ አሥራ አንድ ደብተር። ልጆቻቸው ከውጭ ለእንቁጣጣሽ ስለሚመጡ ከዚያ በፊት ታትሞ ማየት ይፈልጋሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። የሁለት ወር ቤት ኪራይም ነበረበት፣ ቅድስና አስመስዬ ልናገር አልፈልግም።

የዚህ ሥራ በሽታው ከቢሮ አለመቅረቱ ነው። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ አርማለሁ። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ሲሰጡኝ ሙሽሮቹ እነማን እንደሆኑ ከማየቴ በፊት «ሠርግ» በየትኛው ሠ እንደተጻፈ አያለሁ። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመንገድ ዳር ሻጮች በቀናት ሒሳብ ልብ ወለድ ተከራይቼ አንብቤ የምመልስ፣ መያዣ ያስያዝኩትን ብር እንኳ የምረሳ ልጅ ነበርኩ። አሁን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን መጽሐፍ እርሳስ ሳልይዝ መግለጥ አልችልም። በአምስተኛው ገጽ ላይ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ካየሁ ታሪኩ ከዚያ በኋላ አይገባኝም፤ ቀጣይዋን ስህተት ፍለጋ ነው የምሄደው።

እኚህ አባት በሁለተኛው ደብተር ላይ «ፀሐይ በምሥራቅ ሰረቀች» ብለው ጽፈዋል። በንጉሡ ሠ ሲሆን ወጣች፣ በእሳቱ ሰ ሲሆን ሌባ ሆነች ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። አርሜ አለፍኩ።

ሰባተኛው ደብተር ላይ እናታቸው የሞቱበትን ክረምት ይተርካሉ። ወንዝ ሞልቶ ለቀብር መሻገር አልተቻለም፤ ቤተሰቡ በዚህ ማዶ፣ ሬሳው በዚያ ማዶ ሁለት ቀን ተጠባበቁ። ከወንዝ ወዲያ ያሉት ሲያለቅሱ ከወዲህ ያሉት እየሰሙ ተቀብለው ያለቅሱ ነበር። ይህን አንብቤ ቀና ስል ከሰል አመድ ሆኗል፣ ሻይዬ ቀዝቅዟል፣ አሥራ አራት ገጽ ያለ አንዲት ምልክት አልፎኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። በማግስቱ ተመልሼ አረምኩት፤ ስህተቱ ሃያ ስድስት ነበር።

ያነበብኩት አንድ ሰውም ያላተመው ደብተር ነው፤ የተከፈለኝም ለስህተቱ ነው። ከዚህ በላይ ለደስታ ያነበብኩት ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

---

የሻርጃው
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 7፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ በበጋ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት እንዳይሠራ በሕግ ተከልክሏል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 መሆኑ ነው። እኔ ሕንፃ ላይ ብረት አሳሪ ነኝ። ዘንድሮ ሁለት ጓደኞቻችን ወደ ሌላ ቦታ ስለተወሰዱ የአምስት ሰው ሥራ ለሦስታችን ወደቀ፤ የሚያሳርፈን ያ ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው በማረፊያው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። እኔ እንቅልፍ በቀን አይወስደኝምና ስልኬ ላይ አነባለሁ።

መጽሐፎቹ በፎቶ የተነሱ ናቸው፤ አንሺው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አውራ ጣቱ ግን በየገጹ ጥግ ይታያል። ከጊዜ ብዛት ጣቱን እንደ ዘመድ ለመድኩት። ሐምሌ ላይ አንድ ልብ ወለድ ስጨርስ ከገጽ 212 ወደ 219 ዘለለ። ያውም ሰውየው በሩን ሊያንኳኳ ሲል! አብሮኝ የሚሠራ የወሎ ልጅ አለ። «እኔ አንብቤዋለሁ» ብሎ የጎደለውን ነገረኝ። በሩ ሲከፈት ማን እንደወጣ፣ ምን እንደተባባሉ፣ ውሻው ምን እንዳደረገ ሳይቀር። በሁለት ቀን እረፍት ነው ተርኮ የጨረሰው። የተኙትም ነቅተው ሰሙ።

በነሐሴ እህቴ ከአዲስ አበባ የጎደሉትን ገጾች ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ውሻ የሚባል ነገር የለም። የወጣችውም ሌላ ሴት ናት። ልጁን ብጠይቀው «አንብቤው አላውቅም፣ ስትናደድ አይቼ ነው» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእርሱ ይሻላል።

መምህር፣ ያንተን ጽሑፍ አሁን ለክፍሉ ልጆች ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። የበሶውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

---

አልተዋጠልኝም
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 8፡30

ሁላችሁም በታሪኩ ተመሰጣችሁ፤ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። መምህሩ ተከፍሎታል? ሁለት ወር ሙሉ ወፍጮ ያስፈጨ፣ ድንጋይ የወቀረ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። መምህር ዓመቱን ሙሉ በዚያች ደመወዝ ይሠራል፤ ክረምት ሲደርስ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ሥራ የለህም» ብሎ ይወስደዋል። እኔም መምህር ነበርኩ። አንድ ክረምት የአማቴን ቤት ቀለም ስቀባ፣ አንድ ክረምት የጎረቤት ልጆችን በነፃ ሳስጠና፣ አንድ ክረምት በቀበሌ ምዝገባ አለፈብኝ። መጽሐፍማ አልነበረም። ደስ የሚለው ታሪክ ጉልበቱን እንዳይሸፍነው።

---

ባለ ሬዲዮው
ጳጉሜ 3፣ ከምሽቱ 1፡20

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይህንን እንኳ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ያ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። የደረሰኝ በንባብ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ነው የሰማሁት። በሰፈራችን ሬዲዮ የነበረው አንድ ቤት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጠጅ ቤቱ ጭር ይላል። የሬዲዮኑ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ባለቤቷ በዚያ ቀን ጠዋት ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ጥቂት ነፍስ ይዘሩላታል። በክረምት ፀሐይ ከየት ይምጣ? ምድጃ ዳር ታሞቃቸው ነበር። እኛ ልጆቹ ድንጋዩን ጠባቂዎች ነበርን። አንዱን ፍም ላይ ጥሎ ያፈነዳ ልጅ አለ፤ ስሙን አልናገርም፣ ዛሬ የልጅ ልጁ ናት የምትጽፍለት።

መምህር፣ ደስታዬን ቀሙኝ ብለሃል። አይፈረድብህም። ነገር ግን እኔ አንድ ነገር አስባለሁ። ወጋየሁም ያን ጊዜ ሥራው ላይ ነበር። ስቱዲዮ ገብቶ፣ ሰዓት ተቆጥሮለት፣ ምናልባት ጉሮሮው እየከረከረው። እኛ የእርሱን ድካም አልሰማንም። አንተም ስታነብ ስለ ሰባቱ መጻሕፍት እያሰብክ መሆንህን ባለ ገብሷ ሴትዮ አያውቁም።

---

የወፍጮው መምህር
ጳጉሜ 4፣ ከጠዋቱ 3፡00

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት መጥቶ ስለነበር እስከ ሌሊት ስፈጭ አመሸሁ። ለእንቁጣጣሽ ያልመጣ ሰው የለም። አሁን ደግሞ ጠፍቷል።

ቡና ቁርስ፦ ሴትዮዋ ይቅር ብለውኛል፤ ባለቤታቸው ግን በሶ በጥብጠው ሲያቀርቡላቸው እስከ ዛሬ መጀመሪያ ያሸቱታል አሉ። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። አልተረፈም ብልህ ይሻላል። ገጽ 90 ላይ የበርበሬ አውራ ጣት አለ፤ ከመካከል በኩል ስትገልጠው ዓይን ያቃጥላል።

አልተዋጠልኝም፦ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ እኔም ሐምሌ ላይ በጣም ስናደድ ይህንኑ ብዬ ነበር። አጎቴ በገንዘብ አልከፈለኝም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ጆንያ ነጭ ጤፍ አስፈጭቶ፣ ማለትም እኔው ፈጭቼ፣ ቤቴ አስላከልኝ። ስለ ክፍያ ሳነሳበት «እኔ ለትምህርትህ ስከፍል ደረሰኝ ጠይቄህ ነበር?» አለኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን፣ ጫማዬን፣ ትራንስፖርቴን የቻለው ይህ ወፍጮ ነው። ቢሆንም ነጥብህን አልጣልኩትም፤ «ሥራ የለህም» የምትለውን ቃል አክስቴ ዳግም እንዳትናገራት አስምያታለሁ።

ባለ ሬዲዮው አባባ፦ እዚህም እንደ እርስዎ የሚያስታውሱ አንድ አዛውንት አሉ። በመጀመሪያው ቀን አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ደህና ነው፣ ግን ወጋየሁ አይደለህም» ብለው ተነሱ። በማግስቱ ግን መጡ። አሁን ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፄን እንዳወፍር የሚያስተካክሉኝ እርሳቸው ናቸው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ያሉበት ቦታ ስንደርስ ጆንያቸውን በከዘራ መቱትና ዱቄቱ ቡን ብሎ ሁላችንንም አለበሰን። ያ ቀን፣ አልዋሽም፣ ጥሩ ቀን ነበር።

የሻርጃው፦ ውሻውን ሰምቼ ለሁለት ሰዓት ያህል አሰብኩት። ለክፍልህ ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የእርማት ብዕር፦ ያንቺን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከወንዝ ማዶ ለማዶ የተላቀሱበትን።

---

የእርማት ብዕር
ጳጉሜ 4፣ ከጠዋቱ 4፡20

ደብተሩ ትናንት ማተሚያ ቤት ገባ። አባትየው የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያዩ «ፀሐይ ሰረቀች» የነበረውን አስተካክዬ በማግኘታቸው ቅር አላቸው። «የእኛ አገር ፀሐይ በክረምት ሌባ ናት፣ ብቅ ብላ ትጠፋለች፤ አስቤበት ነበር» አሉኝ። አስበውበት እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አልቀርም። መጽሐፉን ጨረሳችሁ? ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በቀን በአንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ከነክርክሩ!

---

የወፍጮው መምህር
ጳጉሜ 4፣ ከጠዋቱ 5፡45

አልጨረስንም። አርባ ገጽ ገደማ ቀርቷል፤ የቀረውም ሆን ተብሎ ነው። ባለ ገብሷ እናት ሰኞ ዕለት «ልጄ፣ እዚህ ላይ ቁም። በዓመት መለወጫ ሞት አታንብብብን» አሉኝ። አዛውንቱ «እማማ፣ ርእሱ ላይ መቃብር ተጽፎ የለም ወይ?» ቢሏቸው «ርእሱን እኔ አላነበብኩም» አሏቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። የስምንተኛ ክፍሏ ልጅም መጨረሻውን አታውቅም፤ የሚያውቁት ሁሉ እንዳይነግሯት በመስቀል አስምለዋቸዋል። እስካሁን የጠበቁት ይመስለኛል።

ስለዚህ ለአዲሱ ዓመት ተቀጣጥረናል። ሠራተኛው ከመስቀል በኋላ ይመለሳል፣ የአጎቴ ጀሶ ተፈትቷል፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ እገባለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ አነባለሁ ብያለሁ። አጎቴ ይህን ሰምቶ «ሞተሩን የምታጠፋው ከሆነ ቅዳሜ አይሆንም፣ ገበያ ነው፤ እሑድ አድርገው» አለኝ። ለካስ ያውቅ ነበር።

መጽሐፉ ትናንት ማታ ራስጌዬ ነበር፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ። አርባዋን ገጽ እኔም አላነበብኳትም።

መብራት መጣ። የበርበሬው ወረፋ እስከ አስፋልቱ ደርሷል፤ ልሂድ።